ፈውስ ምርመራን አይፈራም
(በባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ ለምዕመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የእርዳታ ሠራተኞች በየመጠለያው ሕፃናትን ይመዝኑና ይለኩ ነበር፤ የዓይን ግምት ብቻውን አይበቃምና። ዛሬም ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ያስፈልገዋል እንላለን። ልጆችን የምንለካ እኛ ግን ራሳችንን መለካት ረስተናል።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም አያሰማም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከ100ው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከተጠየቁትም አብዛኞቹ ተለክተው አያውቁም ነበር።

ከመካከላችን አንድ አባት መድኃኒት ታዝዞላቸው ነበር። ጸሎት ከተደረገላቸው በኋላ ራስ ምታቱ ስለ ተዋቸው «ጌታ ፈውሶኛል» ብለው ክኒኑን ተዉ፤ እኛም እልል አልን። «ሄደው ይለኩ» ያላቸው ግን አልነበረም። ከወራት በኋላ ግራ ጎናቸው በድን ሆነ። ጥፋታችን መጸለያችን አይደለም፤ አለማስለካታችን ነው።

ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው (ሉቃ. 17)። በሙሴ ሕግ መንጻትን መርምሮ የሚያረጋግጥ ካህኑ ነበርና። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ደብተር እንያዝ፤ ቀኑን፣ ግፊታችንንና ክብደታችንን እንጻፍበት። ስንለካ ከጉባኤ በኋላ ቡና እንደ ጠጣን አይሁን፤ ግማሽ ሰዓት እንቆይ። 5 ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጠን፣ እግራችንን መሬት አስነክተን፣ ክንዳችንን በልባችን ትክክል አሳርፈን ሁለት ጊዜ እንለካ። አንድ ቀን ከፍ ቢል አንደንግጥ፤ በተለያዩ ቀናት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ደብተሩን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። እዚያም የደም ስኳራችንን እናስመርምር። ጨውንም በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እናድርግ።

መድኃኒት የምትወስዱ ወገኖች፤ ግፊታችሁ ቢወርድ መድኃኒቱ እየሠራ ነውና ሐኪም ሳያዛችሁ አታቋርጡ። የጉባኤ መሪዎችም ለበሽተኛ ስትጸልዩ «መቼ ተለካህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅ። አሜን።