ከዓባይ ማዶ ያለው ጥያቄ
(በፈረስ ቤት ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



«ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የፖለቲካ ዕድል በጎጃም ምድር መናገር ምን ይበጃል?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ጉዳዩ የጎረቤት ነው እንላለን።

በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእምባቦ ሲዋጉ ሜዳው የጉድሩ ኦሮሞ መሬት ነበር። ለሸዋ የተዋጉት ራስ ጎበና ዳጬም ኦሮሞ ነበሩ። ድሉ የሸዋ ሆነ፤ «ማን ያስተዳድርህ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ግን አልነበረም።

ሳይጠየቁ መገዛትን የጎጃም ሰው ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ «ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ጦር ቢዘምትበትም በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ብዙው የደቡብ ኦሮሞ ገበሬ ግን ጭሰኛ ነበርና የሚሟገትበት ርስት እንኳ አልነበረውም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ትምህርት ቤትና መንገድ ለማሠራት ሲደክም ቆይቶ በ1959 ዓ.ም. ታገደ።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 39 የራስን ዕድል በራስ የመወሰንን መብት እስከ መገንጠል ፈቀደ። ሆኖም የተጻፈ ሁሉ አይሠራም። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ሲሰማ የገበሬው ልጅ «ዛሬም አልተጠየቅንም» አለ፤ ብዙ ወጣት ከሞተ በኋላ ፕላኑ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ስለዚህ የኦሮሞ ሕዝብ የወደፊት አስተዳደር በራሱ ነጻ ድምፅ ይወሰን እንላለን። ድምፁ ባይጥመንም እንኳ ልናደምጠው ይገባናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና።

ይህ መብት ግን አብሮ የሚኖረውን ጎረቤት ካልጠበቀ መብት አይባልም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በቶሌ አማራ በመሆናቸው የተገደሉትን ሰላማውያን አንረሳም። በከሚሴ ያለው ኦሮሞ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ዞን እንዳለው ሁሉ፣ በወለጋ ያለው አማራም ለሕይወቱና ለድምፁ ዋስትና ያሻዋል። ለአንዱ የምንጠይቀውን ለሌላው ከነፈግን ጥያቄያችን ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ወገን ነው።

ተማሪዎች ሆይ! ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አያቶቻችሁን የ1960 ዓ.ም.ን ነገር ጠይቁ። ስለ ርስታቸው የሚሉትን ከሰማችሁ፣ ከዓባይ ማዶ ያለው ሰው የሚለውን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻችሁም።