ሜዳውና የስብሰባው ክፍል

ዛሬ የምናገረው "ፍራይደይ ናይት ላይትስ" ስለተባለው፣ እኛ "የዓርብ ማታ መብራቶች" ልንለው ስለምንችለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 በአምስት ምዕራፍ 76 ክፍሎች ታይቷል። ታሪኩ ዲለን በምትባል ምናባዊ የቴክሳስ ከተማ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል ቡድንን ይከተላል። ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ እንዳታስቡብኝ፤ ቁር አጥልቀው፣ ኳሷን በእጅ ታቅፈው የሚላተሙበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። የድራማው ወዳጆች ዘወትር "ስለ ፉትቦል ሳይሆን ስለ ሰው ልጅ ነው" ይላሉ። ጨዋ አባባል ነው፤ ግን ስለ የትኛው ድራማ አይባልም? የኔ ክርክር ጠበብ ያለ ነው። በዲለን የልጆቹ ዕጣ የሚቆረጠው መብራት በፈሰሰበት ሜዳ ሳይሆን ትልልቆቹ በር ዘግተው በሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ ዓርብ ማታ በላብ የተገኘውን በሳምንቱ ውስጥ አንድ ፊርማ ይወስደዋል።

መነሻው መጽሐፍ ነው። ጋዜጠኛው ኤች. ጂ. ቢሲንጀር በ1988 የውድድር ዘመን ኦዴሳ በምትባል የምዕራብ ቴክሳስ የነዳጅ ከተማ ተቀምጦ የፐርሚያን ትምህርት ቤትን ቡድን ተከታተለ፤ መጽሐፉ በ1990 ታተመ፤ በ2004 ፒተር በርግ ፊልም አደረገው፤ ከዚያም ድራማው መጣ። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ኦዴሳ ኪሷ ተራቁቶ ነበር፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት ስታዲየም ግን ወደ 20 ሺህ ሰው ይይዛል። ቢሲንጀር የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ገልጦ ያየ ሰው ነው። ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ማስተማሪያ 5,040 ዶላር ተመድቧል፤ ለወንዶቹ ስፖርተኞች የሕክምና ዕቃ 6,750 ዶላር፤ ቡድኑን ላመላለሰው የኪራይ አውሮፕላን ደግሞ 70,000 ዶላር ገደማ። ይህን በጀት የደለደለ ተማሪ የለም። ሕዝቡ "ልጆቹ ለኳስ አበዱ" ሲል፣ አብደው ከሆነ ያሳበዳቸው ማን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል።

ድራማው ይህን ደረሰኝ ወደ ትዕይንት ለወጠው። በሦስተኛው ምዕራፍ መግቢያ የአሰልጣኙ ሚስት ታሚ ቴይለር ርዕሰ መምህርት ትሆናለች። ትምህርት ቤቱ በገንዘብ እጦት ተጨንቋል፤ የደጋፊዎቹ ማኅበር ግን ለስታዲየሙ ግዙፍ ስክሪን ገንዘብ አሰባስቧል። ታሚ ገንዘቡን ወደ ክፍል ልታዞረው ትሞክራለች፤ የማኅበሩ ዋና ሰው፣ መኪና ሻጩ ባዲ ጋሪቲ፣ ይነሳባታል፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ያሸንፋል። ባዲ ጭራቅ አለመሆኑን ልብ በሉ። ከተማዋን ከልቡ ይወዳል፤ ተጫዋች ሲቸገር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ጥፋቱ ፍቅሩ ከስታዲየሙ አጥር አልፎ ብዙም አለመሄዱ ነው። በዚያው ምዕራፍ ማብቂያ ባሏ ኤሪክ በተራው ይቀምሳታል፤ ቡድኑን ለዋንጫ ፍጻሜ ያደረሰው ሰው፣ ጆ ማኮይ የተባለ ባለጸጋ አባት የልጁን የግል አሰልጣኝ በቦታው ስላስቀመጠበት ሥራውን ያጣል። የአቀራረጹን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ቀረጻው ያለ ልምምድ፣ ተዋንያኑ የት እንደሚቆሙ ምልክት ሳይደረግላቸው፣ በሦስት ካሜራ ይካሄድ ነበር። ያ ተቅበዝባዥ ዓይን ሜዳ ላይ ኳስ ተሸካሚውን እንደሚያሳድድ ሁሉ ስብሰባ ላይም ማን ማንን እንደጠቀሰ ያሳድዳል። ለካሜራው ሁለቱም ግጥሚያ ናቸው።

ክርክሬን አጥብቆ የሚይዝልኝ ግን አራተኛው ምዕራፍ ነው። ከተማዋ በመስመር ለሁለት ትከፈልና ተዘግቶ የቆየው የኢስት ዲለን ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ገንዘቡም ጥሩ ተጫዋቹም በምዕራብ ይቀራል፤ ኤሪክ ወደ ምሥራቅ ይላካል። እዚህ ላይ አንድ የፖስታ ሣጥን አለ። ሉክ ካፈርቲ የተባለው ጎበዝ ተጫዋች ቤቱ በምሥራቁ ክልል ሆኖ ሳለ ለምዕራቡ እንዲሰለፍ፣ አድራሻው ተብሎ የተመዘገበው ባዶ መሬት ላይ የቆመ የፖስታ ሣጥን ነው። ከኋላው ቤት የለም፣ አጥር የለም፤ እንጨት ላይ የተቸነከረ ቆርቆሮ ብቻ። የትምህርት ቤት አከላለል፣ የዘርና የገንዘብ መስመር ምን እንደሚመስል በአንድ ቁራጭ ዕቃ ያየሁት እዚያ ነው። ኤሪክም በመጀመሪያው ግጥሚያ ልጆቹ ደም በደም ሆነው ሲያያቸው በእረፍት ሰዓት ጨዋታውን ይተዋል። የተሸነፉት ግን ከሜዳው ቀድሞ፣ መስመሩ የተሰመረ ዕለት ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች ይቀርቡብኛል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው "ጨዋታዎቹ በመጨረሻ ሰከንድ ውርወራ የሚያልቁ ተረት ናቸው፤ አሰልጣኙም ጻድቅ ነው፤ ቢሲንጀር የከሰሰውን ድራማው አባበለው" የሚል ነው። ስለ ጨዋታዎቹ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ያስቃሉ። በሁለተኛው ምዕራፍ ላንድሪ የተባለው ልጅ ሰው የሚገድልበትን ታሪክ ማንም ሊከላከልለት አይገባም፤ እኔም አልሞክርም። የኤሪክ ደግነት ግን ክሱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። አሰልጣኙ ክፉ ቢሆን "ደግ ሰው ይቀጠር" ብለን እንገላገል ነበር። ደጉ ተቀጥሮ፣ ዋንጫ አምጥቶ፣ በሩ ለአባት የለሽ ልጅ ሁሉ ተከፍቶ እንኳ መስመሩ ይሰመራል፤ ስክሪኑ ይገዛል። ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብደኛል፤ ድራማው ዘርን በተመለከተ ፈሪ ነበር ይባላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ረዳት አሰልጣኙ ማክ ስለ ጥቁሮች በተናገረው ዘረኛ ቃል ጥቁሮቹ ተጫዋቾች ልምምድ ጥለው ይወጣሉ፤ ጉዳዩ ግን በሁለት ክፍል ይቋጫል። ሳንቲያጎ የተባለው የላቲኖ ልጅ ደግሞ በሁለተኛው ምዕራፍ መጥቶ የት እንደገባ እንኳ ሳይነገረን ይጠፋል፤ ያውም በቴክሳስ። ይህን አልክድም። ማይክል ቢ. ጆርዳን የተጫወተው ቪንስ ሃዋርድ በአራተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ነው ድራማው ለሦስት ዓመት ያላየውን ሰፈር ያየው፤ ዘግይቷል። ሆኖም ያየው ጉዳዩን ከአንድ ሰው ክፉ አንደበት አውጥቶ ወደ ካርታውና ወደ በጀቱ በወሰደው ጊዜ ነው፤ ይህም ከክርክሬ ጋር አይጣላም።

መደምደሚያው ክፍል ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ያሳያል። ከተማዋ ሁለት ቡድን የምታስተዳድርበት ገንዘብ የለም ተብሎ፣ ለዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው የምሥራቁ ቡድን እንዲፈርስ ተወስኗል። በፍጻሜው ግጥሚያ ቪንስ ኳሷን ይወረውራል። ኳሷ ትወጣለች፣ ትሽከረከራለች፣ ፊቶች ሁሉ ወደ ላይ ይቀናሉ። ስትወርድ የሚይዛት ግን ሌላ ልጅ ነው፤ ስምንት ወር አልፏል፤ ቦታው ፊላዴልፊያ ነው፤ ኤሪክ ከራሱ ሥራ ይልቅ የሚስቱን አስቀድሞ ወደዚያ ሄዷል። ማን እንዳሸነፈ የምናውቀው ካሜራው ወደ ዲለን ተመልሶ የዋንጫውን ቀለበት በቪንስ ጣት ላይ ሲያሳየን ነው። የለበሰው ማሊያ የምዕራቡ ቡድን ነው።