ስለ ሆሳዕናዋ ሯጭ ስለ ፋንቱ ማጊሶ



ስለ ሩጫ በተነሣ ቁጥር የኢትዮጵያዊ ልብ ወደ ረጅሙ ርቀት፣ ወደ አበበ ቢቂላና ወደ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይሄዳል። ይህም የሚገባ ክብር ነው። ዳሩ ግን እኛ ከሆሳዕናና ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ የምናነሣት ሯጭ መንገዷ ሌላ ነበር። እርስዋም በሰኔ 2 ቀን 1984 ዓ.ም. በሆሳዕና የተወለደችው ፋንቱ ማጊሶ ናት። ሙያዋ 400 እና 800 ሜትር ነበር።

ስምንት መቶ ሜትር ማለት የመሮጫውን ሜዳ ሁለት ጊዜ መዞር ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአጭር ርቀት ሯጭ ፍጥነትና የረጅም ርቀት ሯጭ ትንፋሽ ባንድ ሰው ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዙር ያለ መጠን የፈጠነ በሁለተኛው እግሩ ይከብደዋል፤ የዘገየም መድረሻ ያጣል። የደጋ አየራችን ለትንፋሽ ይረዳል። ፍጥነት ግን አሠልጣኝ፣ የተስተካከለ ሜዳና የዓመታት ልምምድ ይፈልጋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ፋንቱ በሰኔ 2 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ልክ 20 ዓመት በሞላት ዕለት፣ በኒው ዮርክ 800 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ57.48 ሴኮንድ ሮጣ አሸነፈች፤ ሰዓቷም የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን ሆነ። ለስምንት ቢካፈል እያንዳንዱ መቶ ሜትር 15 ሴኮንድ እንኳ አልፈጀባትም። የሚጠራጠር ቢኖር እዚሁ ሜዳችን ላይ አንዱን መቶ ሜትር በዚህ ፍጥነት ይሞክርና ሳያርፍ ሰባት ይጨምርበት።

ከሁለት ወር በኋላ በለንደን ኦሊምፒክ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በዚያም ጉዳት ስለ ደረሰባት ለፍጻሜው ሳታልፍ ቀረች።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ቁም ነገራችን እዚህ ላይ ነው። እኛ ሯጭን የምንቆጥረው በሜዳልያ ነው። ሜዳልያ ይዞ ለመጣው እልል እንላለን፤ የተጎዳውን ግን የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር የብር ሜዳልያ ስታገኝ ሁላችንም ተደሰትን። ሰዓቷ 1 ደቂቃ ከ57.15 ሴኮንድ ነበር። ቀኑና ውድድሩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ሰዓትን ከሰዓት አወዳድሮ መፍረድ አይገባም፤ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴኮንድ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። አንዷን በአደባባይ የምናነሣ ሌላዋን የምንረሳ በዚህች ሲሶ ምክንያት ከሆነ ሚዛናችን የተዛባ ነው።

ሰውነት ለሯጭ የሚያገለግለው ጥቂት ዓመት ነው፤ አንድ የጅማት ጉዳትም ሊያሳጥረው ይችላል። ስለዚህ ሩጫ የሚወድ ተማሪ ትምህርቱን እንዲተው የሚገፋፋ ሰው ወዳጁ አይደለም፤ ትምህርት ስላለብህ አትሩጥ የሚለውም እንዲሁ። ሁለቱን አብሮ የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ያስፈልገናል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በክረምቱ ዕረፍት ወደየከተማችን ስንመለስ በየትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች የ400 እና የ800 ሜትር ውድድር እንዲደረግ እናግዝ፤ ሰዓቱን በትክክል እንለካ፤ ያሸነፈችውንም የተሸነፈችውንም በመዝገብ እናስፍር። ነገ ከመካከላቸው አንዲቱ ብትነሣ ከየት እንደ ጀመረች የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ ብትጎዳም ስሟ አይጠፋም።