በራሳችን ጉልበት አይደለም



ድንኳን መትከሉን፣ ንፍሮ መቀቀሉን፣ ቀብር መሸኘቱን እናውቅበታለን። ከባዱ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከተጣላነው ጎረቤት ጋር ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ከልብ ማዘን። እዚህ ላይ ጉልበታችን ያልቅብናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 20 ላይ፣ ክርስቶስ በውስጡ እንደሚኖር ይነግረናል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ደግሞ ጌታችን ራሱን በወይን ግንድ፣ እኛን በቅርንጫፍ መስሎ ያስተምረናል። ቅርንጫፍ የሚያፈራው ስለታገለ ሳይሆን ከግንዱ ስላልተለየ ነው። የተቆረጠው ለጥቂት ቀን ለምለም ይመስላል፤ ኋላ ግን ይደርቃል።

እንግዲህ ይቅርታው ከእኛ አልወጣ ሲል፣ «ጌታ ሆይ፣ በውስጣችን ሆነህ አስችለን» እያልን እንለምን። ለምነንም ቁጭ አንበል፤ ተነስተን የጎረቤታችንን ደጅ እናንኳኳ። ለቅሶ እስኪያገናኘን መቆየት የለብንም።

እግዚአብሔር ያበርታን።