የተበዳይ ጥንካሬ ከየት ይጀምራል?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና የእነርሱን ፈለግ በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤታችን እያለ በአደባባይ የማናነሳው ነው። ድብደባ፣ መደፈር ወይም ሌላ ግፍ የደረሰበት ሰው አካሉ ከዳነ በኋላ የተሰበረ ልቡን እንዴት ይጠግናል? ወደ ጥንካሬው የሚመለሰውስ ከየት ጀምሮ ነው? ጉዳዩ ወንድንም ሴትንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት እህቶቻችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ3 ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወት ዘመኗ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባታል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከመጋረጃው ወዲያ ከኋላችን ከሚሰግዱት እናቶቻችንና እህቶቻችን መካከልም ይህ የደረሰባቸው አሉ።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እህት ወደ መስጂዱ ቢሮ መጥታ ባሏ እንደሚደበድባት ነገረችኝ። እኔም ብዙ ሳልጠይቅ፣ «እህቴ፣ ሰብር አድርጊ። ትዳር እንዲህ ነው። ዱዓእ አብዢ» ብዬ መለስኳት። ሰውየውን አስጠርቼ አላናገርኩም። ማታ የት እንደምታድር፣ ልጆቿ ምን እያዩ እንደሚያድጉ አልጠየቅኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነበር። አልወቀሰችኝም። «ሸይኽ፣ እንዳሉኝ ሰብር አደረግኩ» ብቻ አለችኝ።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነስቼ የሐዲስ ኪታብ ገለጥኩ። በመድረሳ ስንቀራ የኹልዕን ምዕራፍ ጠንቅቀን አጥንተናል። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት መህሯን መልሳ እንደተፋታች፣ የመለሰችው የአትክልት ቦታ እንደነበር በቃሌ አውቃለሁ። በአቡ ዳውድ ዘገባ ላይ ግን ሐቢባ ቢንት ሰህል ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመጣችው ባሏ መትቷት አካሏን ሰብሯት እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ! ብይኑን አጥንቼ ተበዳይዋን ሳላያት ቀርቻለሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰብር አድርጊ ብለው ወደ ቤቷ አልመለሷትም። ባሏን አስጠሩት፤ የሰጣትን ተቀብሎ እንዲለያት አዘዙት። እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ያን ጊዜ ለዚያች እህት ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው።

አንደኛ፦ የተገደደ ሰው ኃጢአት የለበትም።

ግፍ የደረሰበትን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ራሱን መውቀሱ ነው። «ለምን አልጮህኩም? ለምን አልሮጥኩም? እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ይላል። ኢስላም ግን ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ አለው። ዐማር ኢብን ያሲር (ረ.ዐ) ቁረይሾች ሲያሰቃዩት አንደበቱ የኩፍር ቃል አወጣ። እያለቀሰ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጣ የጠየቁት ልቡን እንዴት እንዳገኘው ነበር። በኢማን የረጋ መሆኑን ሲነግራቸው አጽናኑት። ሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 106 ላይም ልቡ በእምነት የረጋ ሆኖ የተገደደ ሰው ከቅጣቱ ውጭ መደረጉን እናነባለን። በቲርሚዚ እንደተዘገበው ደግሞ በረሱል ዘመን አንዲት ሴት ለሶላት ወጥታ ስትሄድ አንድ ሰው በኃይል ደፈራት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እርሷን በመልካም ቃል ሸኟት፤ ቅጣቱ የደፋሪው ሆነ።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ይህን ያዙ። የተደረገባችሁ ነገር እናንተ ያደረጋችሁት አይደለም። በአላህ ዘንድ ክብራችሁ አልተነካም። ነውሩ የበዳዩ ነው። የጥንካሬ የመጀመሪያው ደረጃ ይህን ሸክም ለባለቤቱ መመለስ ነው።

ሁለተኛ፦ መናገር ሰብርን አያፈርስም።

ሰብር ማለት አፍን መዝጋት የሚመስለን ብዙ ነን። ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ያማረ ትዕግስትን የታገሱ ነብይ ናቸው። ሆኖም በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አልቅሰዋል። ማልቀሳቸው ከታጋሾች ተራ አላወጣቸውም። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 148 ላይም አላህ ክፉ ንግግርን በይፋ መናገርን እንደማይወድ ከተነገረ በኋላ የተበደለ ሰው ብቻ ተለይቶ ወጥቷል። የተበዳይን አንደበት የፈታው ጌታችን ራሱ ነው። እኛ ታዲያ በየትኛው ሥልጣናችን ነው «ገመና ነው፣ ዝም በይ» የምንለው?

ለማን ይነገር ከተባለ፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። ለሚታመንና ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ ሰው ይጀመር። ለእናት፣ ለእህት፣ ለሐኪም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማ ሁለተኛው ይፈለግ። ያቺ እህት እኔ ሳልሰማት ተመልሳ መምጣቷ ራሱ ጥንካሬ ነበር።

ሦስተኛ፦ ከለላ መፈለግ ተወኩልን አይጎዳም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከጧኢፍ ሲመለሱ እግራቸው በድንጋይ ተመትቶ ደምቷል። አጎታቸውና ባለቤታቸው ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከሞቱ ብዙም አልቆየም። ወደ መካ የገቡት ዝም ብለው አይደለም። ሙስሊም ያልነበረውን ሙጥዒም ኢብን ዐዲይን ከለላ ጠይቀው፣ እርሱና ልጆቹ መሣሪያ ታጥቀው ጠብቀዋቸው ነው። ከዚያ በፊትም ባልደረቦቻቸውን ፍትሐዊው ንጉሥ ወዳለበት ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ልከዋል። በአላህ ላይ ከእርሳቸው የበለጠ የሚመካ ማን አለ? ታዲያ አንዲት ሴት ከሚደበድባት ሰው ቤት ወጥታ ወደ ዘመድ ብትሄድ፣ ለፖሊስ ብታመለክት፣ ኢማኗ ደከመ ይባላልን?

በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በባለጉዳዮቹ ፈቃድ የኒካህ፣ የፍችና የውርስ ጉዳዮችን ያያሉ። ድብደባና መደፈር ግን ወንጀል ስለሆነ የሚታየው በፖሊስና በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ይህን ተክቶ ሊጨርሰው አይገባም። መደፈር ለደረሰባት ደግሞ ጊዜ መጥፋት የለበትም። ከኤች አይ ቪ ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። የለበሰችው ልብስም ማስረጃ ስለሚሆን ሳይታጠብ ይቀመጥ።

አራተኛ፦ የነፍስ ቁስልም ይታከማል።

ከአደጋው በኋላ ወራት አልፈው እንኳ ሌሊት መቃዠት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ቦታውን መሸሽ፣ ልብ መደንዘዝ፣ በሶላት ላይ ሐሳብ መበታተን ይመጣል። ሐኪሞች ይህን የሚያውቁት ሕመም ነው። ሰውነት ከአደጋው ለመጠበቅ ነቅቶ፣ አደጋው ካለፈም በኋላ አልተኛም ማለት ነው። የኢማን ማነስ አይደለም። ሁሉንም ለጅን መስጠትም ትክክል አይደለም። ቁርኣን መቅራት፣ የጠዋትና የማታ ዚክር ማድረግ መልካም ነው፤ ልብን ያረጋጋል። ነገር ግን «ጅን ላስወጣ» እያለ የታመመችን ሴት የሚደበድብ ሰው ከመጀመሪያው በዳይ በምን ይለያል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልን ጨምሮ በሌሎችም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ለስብራት ወጌሻ ጋ ወይም ሐኪም ጋ እንደምንሄደው ሁሉ ለዚህም እንሂድ።

አምስተኛ፦ በትንሽ ሥራ ይጀመር።

የነብዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ በሱረቱ አል-ቀሰስ ተመልከቱ። ከምስር የወጡት እየፈሩ፣ ዙሪያቸውን እየቃኙ ነው። አላህ ፍርሃታቸውን አልደበቀም፤ እስከ ቂያማ በሚቀራ ቃል አስፍሮታል። መድየን ሲደርሱ ቤት፣ ዘመድ፣ ስንቅ የላቸውም። ያደረጉት ነገር ግን ለሁለት ሴቶች መንጋ ውኃ መቅዳት ነበር። ከዚያም ወደ ጥላ ዞር ብለው ጌታቸውን ለመኑ። አንድ በጎ ሥራ፣ አንድ ጥላ፣ አንድ ዱዓእ! ከዚያ በኋላ መጠለያ፣ ሥራና ትዳር አገኙ። ወደ ፊርዐውን የተመለሱት በዓመታት ቆይታ ነው። እንግዲህ የተጎዳ ሰው በአንድ ሳምንት ፊርዐውንን እንዲጋፈጥ አንጠብቅበት።

ያቺ እህት ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ መጀመሪያ ላይ ከኋላዋ ሰው ሲቆም መስገድ አትችልም ነበር። ግድግዳ ተደግፋ፣ በሩ በሚታያት ቦታ ትሰግድ ነበር። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት። ትንሽ ይመስላል፤ ለዓመታት ምንም ነገር መምረጥ ላልተፈቀደላት ሰው ግን ትልቅ ነው። ቀጥላ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። ገንዘቧን ራሷ ቆጠረች። ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ ትደነግጣለች። ነገር ግን ደንግጣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጥንካሬ ማለት ይህ ነው። ፍርሃት ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ይቅር ማለት መልሶ አብሮ መቀመጥ አይደለም።

«ይቅር በይና ተመለሺ» የሚለው ምክር ብዙዎችን ጎድቷል። ወሕሺ በኡሑድ ዘመቻ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ) የገደለ ነው። በኋላ ሲሰልም እስልምናውን ተቀበሉት፤ አልተበቀሉትም። ነገር ግን ከቻለ ፊቱን ከእርሳቸው እንዲያርቅ ጠየቁት። በቡኻሪ የተዘገበ ነው። ለዓለማት እዝነት የተላኩት ነብይ የገዳዩን ፊት ማየት ከከበዳቸው፣ አንዲት ሴት የደበደባትን ሰው ማየት ቢያቅታት ምን ይገርማል? ይቅርታ የተበዳይ መብት ነው። ሲፈልግ ይሰጠዋል፣ ካልፈለገም ሐቁን ለአላህ ያቆየዋል። በተበዳይ ዱዓእና በአላህ መካከልም ግርዶሽ የለም።

በመጨረሻም ለቤተሰብና ለጀመዓው አንድ ቃል አለኝ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከእነርሱም በፊት ሆነ በኋላ በየዐረቡ አገር በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። ከመካከላቸው ደመወዝ የተከለከሉ፣ የተደበደቡ፣ የተደፈሩም ነበሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነትም ብዙ እህቶች ተደፍረዋል። እኛ ግን ከዐረብ አገር የመጣችውን ልጅ በር ላይ ተቀብለን መጀመሪያ የምንጠይቃት ምንድን ነው? «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ነው። ከዚህ ይልቅ «እንኳን በሕይወት መጣሽልን» ማለት ምን ያስከፍለናል? ውኃ አሙቁላት። የምትተኛበትን ራሷ ትምረጥ። ስትናገር ስሙ፣ ስትተው አታስገድዷት። ለኒካህ አታጣድፏት።

ወንድሞቼ ሆይ፣ በዳይንም ቢሆን እርዱት ተብለናል። የሚረዳው ግን እጁን በመያዝ ነው። ጎረቤታችሁ ሚስቱን ሲደበድብ ሰምታችሁ ሬዲዮ ድምፅ ከፍ የምታደርጉ ሁሉ ነገ ትጠየቃላችሁ። የመስጂድ ኢማሞችም፣ እኔን ጨምሮ፣ ሰብር የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» የሚለውን እንጠይቅ።

ከሐበሻ የዘር ግንድ የሆነውን ቢላልን (ረ.ዐ) ሁላችንም እንወደዋለን። በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝተው፣ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጭነው «አሐድ፣ አሐድ» የሚል ድምፁን ሊያፍኑ ሞከሩ። ከዚያ ያላቀቀው አቡበክር (ረ.ዐ) ነው። በገንዘቡ ገዝቶ ነፃ አወጣው። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ያው ድምፅ ከከዕባ ላይ አዛን አሰማ። ቢላል ኢማኑ ነበረው፤ ቋጥኙን የሚያነሳ ወንድም ደግሞ አስፈልጎት ነበር። የተጎዱ እህቶቻችንም ዛሬ ኢማን አላጡም። ቋጥኙን አብሮ የሚያነሳ ሰው ይሹ ይሆናል።

አላህ የተበደሉትን ልብ ይጠግን፣ በዳዮችን ይመልስ፣ እኛንም ከሚሰሙትና ከሚደርሱት ያድርገን። አሚን።