ስለ ጡት ካንሰር፦ ሕመም እስኪሰማ አትጠብቁ

(በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት የጤና ባለሙያ ካደረጉት ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ቡና ላይ በሹክሹክታ ስለሚወራ በሽታ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር አንደኛው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች እንደያዛቸው ታውቋል።

«ምን ያመጣዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ጡትን የሚያሳድገው ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በጡት ላይ የሚሠራበት ዘመን በረዘመ ቁጥር አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ የወር አበባዋን በለጋነቷ ያየች፣ ዘግይቶ የተቋረጠባት ወይም ያልወለደች ሴት አደጋዋ ጥቂት ይጨምራል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም።

በእጃችን ያለውስ?

1ኛ/ ማጥባት። በ30 አገሮች የተደረጉ 47 ጥናቶች በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠቃለው ሲታዩ፣ እናት ላጠባችበት ለእያንዳንዱ 12 ወር አደጋው በ4.3 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

2ኛ/ ውፍረት። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኤስትሮጅን በአብዛኛው የሚሠራው በሰውነት ስብ ውስጥ ነው። ዘይቱንና ስኳሩን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን በርከት አድርጉ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ።

3ኛ/ መጠጥ። ጠጅም ሆነ አረቄ፣ ቢራም ሆነ ጠላ፣ አልኮል ያው አልኮል ነው። በየቀኑ ጥቂት መጠጣት እንኳ አደጋውን ይጨምራል።

4ኛ/ የሆርሞን መድኃኒት። አሜሪካ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስቲን ጥምር መድኃኒት የጡት ካንሰርን እንደሚያበዛ ስለታየ በ2002 እ.ኤ.አ. ከጊዜው በፊት ቆሟል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም እየተወሰደ ሳለ አደጋውን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ ከተተወ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ይጠፋል። ደንግጣችሁ አትጣሉት፤ ሐኪም አማክሩ።

«እኔ ሁሉን እጠነቀቃለሁ፣ አይነካኝም» የምትል ካለች ግን ተሳስታለች። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሴትነትና ከዕድሜ በቀር ሌላ ምክንያት አይገኝባቸውም።

አንዲት ጎረቤቴ ጡቷ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት አግኝታ፣ «አያመኝም እኮ!» እያለች ዓመት ሙሉ ዝም አለች። ሐኪም ዘንድ የሄደችው ቆዳው ከቆሰለ በኋላ ነው። ዕድራችን ድንኳን ተከለላት። እናንተዬ፣ በሽታው ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም! አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በጡት ወይም በብብት እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጫፉ ደም መውጣት ካያችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ የሚለየው ግን በምርመራ ነው። ጠበሉንም ጠጡ፣ ሐኪሙንም አትተዉ። ባሎችም «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ አትለፉ፤ የታክሲውን ከፍላችሁ አብራችሁ ሂዱ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።



(ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን ይነበብላቸው።)