ኮምፒዩተር በድንገት ሲቆም
(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ ያሰብነው በየመሥሪያ ቤቱ ዘወትር ስለሚሰማ አንድ ቅሬታ ነው። ጸሐፊው ደብዳቤውን፣ የሒሳብ ሹሙም የደመወዝ መክፈያውን ሊያገባድድ ሲል ኮምፒዩተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጥ ይላል፤ ወይም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያን ጊዜ «ሀንግ አደረገ» ይባልና ጠጋኝ ይጠራል፤ እርሱም ብዙ ሳይመረምር «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ማድረግ ግን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነውና፣ በሌላ ስፍራ ያልተገለበጠ ሰነድ በዚያው ሊቀር ይችላል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ችግሩ ከሙቀት ወይም ከኤሌክትሪክ የመጣ ሲሆን ሰነዱ ጠፍቶ ሕመሙ በቦታው መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ፣ መሣሪያው ገና እየሠራ ሳለ፣ ምትክ የሌላቸውን ሰነዶች በሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይህ ሳይፈጸም ሌላ ምንም አትንኩ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው እናንተ ከማንም ይበልጥ የምታውቁት ሥራ፣ ይኸውም መዝገብ መያዝ ነው። ኮምፒዩተሩ እንዲያው በዘፈቀደ ይቆማል ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ የቆመበትን ሰዓትና ሁኔታ የጻፈ ሰው የለም ማለት ነው። አንድ ደብተር አዘጋጅታችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ ከተከፈተ ምን ያህል ደቂቃ እንደ ሆነው፣ መብራት ብልጭ ብሎ እንደ ሆነም ጻፉ። አቋቋሙንም ለዩ። የማውሱ ቀስት የሚንቀሳቀስ ከሆነ የቆመው አንድ ፕሮግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ካፕስ ሎክ የተባለውን ቁልፍ ስትጫኑ ትንሿ መብራት የማትለወጥ ከሆነች ግን መሣሪያው በሙሉ ደርቋል ብሎ መገመት ይቻላል። ሰማያዊ ገጽ ከታየ በላዩ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጡት፤ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይበቃል። (ቁልፉን ደጋግሞ መቀጥቀጥ ለጣትም ለመሣሪያም አይበጅም።)

ዐሥር ያህል መስመር ከተጻፈ በኋላ መዝገቡ ራሱ መናገር ይጀምራል። ከባድ ሥራ በተሠራ ቍጥር የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ። የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ራሳቸውን ለማዳን መጀመሪያ ሥራቸውን ያዘገያሉ፤ ካልበረደላቸውም መሣሪያው ይጠፋል። በበጋ ወራት መስኮቱ ተከፍቶ በሚውል ቢሮ ውስጥ ሣጥኑ ወለል ላይ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ አቧራው በማራገቢያውና በብረቱ ክንፎች መካከል ተጋግሮ አየር ያሳጣዋል። መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ላፕቶፕን በብርድ ልብስ ላይ አድርጎ ማሠራትም መተንፈሻውን መድፈን ነው።

መብራት ብልጭ ሲል የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ሆኖም ዩፒኤስ አለን ብሎ መተማመን አይበቃም፤ ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማልና መብራት በጠፋበት ቅጽበት እርሱም አብሮ ይጠፋል። በየጊዜው የተለያየ የስሕተት ቃል የሚያሳይ ከሆነ ራም የተባለውን የማስታወሻ ክፍል አስመርምሩ፤ ለዚህም ዊንዶውስ የራሱ መመርመሪያ አለው። ፋይል ሲከፈት የሚዘገይና የሚደርቅ ከሆነ ዲስኩ እየደከመ ሊሆን ስለሚችል መገልበጡን አፋጥኑ።

የጎረቤታችሁንም ጠረጴዛ ተመልከቱ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከቆሙ ሣጥን መክፈት ከንቱ ድካም ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው ድርጅት ባሠራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ቆመው ነበር።

መሣሪያው ራሱ የሚናገረውንም ሁሉ እንደ ወረደ አትቀበሉ። በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር» ተብሎ በ41 ቍጥር የሚጻፈው ቃል፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው የኤሌክትሪክ ብልሽት ማስረጃ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መቆሙን ብቻ ይነግረናል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ በውስጣዊ ትእዛዛቸው ጉድለት ከሚገባ በላይ ቮልት ይጠይቁ እንደ ነበር አስታውቋል። ከዚያ በፊት በብዙ ሰዎች ገጽ ላይ ይታይ የነበረው ቃል ግን «የቪዲዮ ማስታወሻ አለቀ» የሚል ስለ ነበር፣ ጥፋቱ በማያገባው ክፍል ላይ ይላከክ ነበር።

እንግዲህ አንዱን ነገር ብቻ ለውጣችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ የለወጣችሁትንም በደብተሩ ላይ አስፍሩ። ማራገቢያው ተጠርጎ፣ ራሙ ተለውጦ፣ ፕሮግራሙም በአንድ ቀን ከታደሰ የዳነው በየትኛው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ ሕመሙ በተመለሰ ጊዜም ወጪው እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ጠጋኙ ሲመጣ ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት ደብተሩን እንዲያነብ ስጡት። «ፎርማት» የሚለውን ቃል ያነሣ እንደ ሆነም፣ ሰነዱ የት እንደ ተገለበጠ በፊታችሁ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።